አሜሪካ ውስጥ ንግድ ሊከፍቱ ነው? ታፔላ ከማሠራትዎ በፊት

ስም ሲመረጥ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ሎጎ ወደሚሠራልን ሰው ነው። መቅደም ያለበት ግን ፍተሻው ነው። ንግድዎን የሚመዘግበው የሚሠሩበት ስቴት ነው፤ በአብዛኞቹ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት የሚባለው ቢሮ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን። ስሙ መያዝ አለመያዙን ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያያሉ። የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ ስለሌላቸው «ሰላም»ን Selam ብለውም Salam ብለውም እየጻፉ ይፈልጉ።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ስቴቱ ስሙን መዘገበልዎ ማለት ስሙ የእርስዎ ሆነ ማለት አይደለም። ስቴቱ የሚያየው የራሱን መዝገብ ብቻ ነው። ሌላ ስቴት ያለ ነጋዴ ስሙን በንግድ ምልክትነት በፌዴራል ደረጃ አስመዝግቦት ከሆነ፣ ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ የጠበቃ ደብዳቤ ሊመጣብዎ ይችላል። ፊደሉ ባይገጥም እንኳ በድምፅ መመሳሰሉ፣ የንግዱ ዓይነትም መቀራረቡ ለክርክር ይበቃል። ስለዚህ የዩኤስፒቲኦን (የፌዴራሉን የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ) መዝገብም ይፈትሹ፤ እሱም ነፃ ነው። ያልተመዘገበ ግን ቀድሞ የሠራበት ሰውም መብት ሊኖረው ስለሚችል ጉግልንም አይርሱ።

ብቻዎን በራስዎ ስም ከሠሩ ኩባንያ ማቋቋም ግዴታ አይደለም። ሌላ ስም ከተጠቀሙ እንደየቦታው ካውንቲው ወይም ስቴቱ ዘንድ ዲቢኤ (የሚሠሩበትን የንግድ መጠሪያ) ያስመዘግባሉ። ዲቢኤ ስም እንጂ ከለላ አይደለም፤ ንግዱ ቢከሰስ ቤትና መኪናዎ አብረው ይጠየቃሉ። የግል ንብረትን ከንግዱ ለመለየት ብዙ ሰው የሚመርጠው ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ነው። ሰነዱ ላይ በዚያው ስቴት ትክክለኛ የመንገድ አድራሻ ያለው ሪጅስተርድ ኤጀንት (የክስና የመንግሥት ወረቀቶችን ለኩባንያው የሚቀበል ተወካይ) ይጠየቃሉ፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር አይሆንም። ኤጀንቱ እርስዎ ከሆኑ የሰጡት አድራሻ ለሕዝብ ይታያል፣ ይህን አስበውበት ይሙሉ።

ስቴቱ ካጸደቀ በኋላ ነው ኢአይኤን (የንግዱ የግብር መለያ ቁጥር) የሚወጣው። ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት) በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ድረ ገጽ ካጋጠመዎ የመንግሥት አይደለም። የባንክ ሒሳብ የሚከፈተው በዚህ ቁጥር ነው፤ የግልና የንግድ ገንዘብ ከተቀላቀለ ደግሞ የኤልኤልሲው ከለላ ይሳሳል።

የሥራ ፈቃድ ለሌላችሁ፣ በተለይ በተማሪ ቪዛ ላላችሁ፦ ኩባንያ መያዝና በኩባንያው ውስጥ መሥራት የተለያዩ ናቸው። ምዝገባው የመሥራት ፈቃድ አይሰጥም። እዚህ ላይ የጓደኛ ምክር አይበቃም፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።

የከተማው ወይም የካውንቲው የንግድ ላይሰንስ ለብቻው ነው። ብዙ ስቴቶች በየዓመቱ ሪፖርት ወይም ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ካለፈዎ ኩባንያው ሊዘጋ ይችላል። በተመዘገቡ ማግሥት ደግሞ የመንግሥት የሚመስሉ ደብዳቤዎች ይጎርፋሉ፤ «ሰርተፊኬትዎን ለመውሰድ ይክፈሉ» የሚሉ። ከሥር በትንሽ ፊደል «የመንግሥት ተቋም አይደለንም» የሚል ይፈልጉ፤ ካጠራጠረዎም ከመክፈልዎ በፊት ራሱ ስቴቱ ጋ ይደውሉ።