የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ዙም ሲደረግ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የቆመ ነገር ላይ ዙም ማድረግ ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ነገሩ መሄድ ሲጀምር ነው። ካሜራው ሁለት ሥራ አለበት፦ መከተልና ማቅረብ። አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨው ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ከመደባለቅ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ሁለት የአኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌሮችን፣ ብሌንደርና አፍተር ኢፌክትስን ነው፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ሶፍትዌር ላይም ይሠራል።

ነገሩ መሃል መንገድ ላይ ከፍሬም ይወጣል

ሲጀምር መሃል ላይ ነው፣ ሲያበቃም መሃል ላይ ነው፤ በመካከል ግን ወደ ጎን ይሸሻል። በሁለት ኪፍሬሞች (ቦታውን ወይም መጠኑን እናንተ የወሰናችሁባቸው ነጥቦች) መካከል ያለውን የካሜራ መንገድ ሶፍትዌሩ በራሱ ስሌት ይሞላዋል። ነገሩ ደግሞ የራሱ መንገድና ፍጥነት ስላለው ሁለቱ አይገጥሙም። ብዙ ሰው በየአምስት ፍሬሙ (ቪዲዮውን ከሚሠሩት ነጠላ ምስሎች በየአምስቱ) ኪፍሬም እየጨመረ ሊያስተካክለው ይሞክራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ በኋላ የነገሩን ፍጥነት ስትቀይሩም ልፋታችሁ ሁሉ ውኃ ይበላዋል።

መፍትሄው የማይታይ አስታራቂ ማስገባት ነው። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ነል፣ ብሌንደር ውስጥ ኤምፕቲ ይባላል። እሱ ነገሩን ይከተል። ካሜራውን በፓረንት (አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው አብሮት እንዲንቀሳቀስ በሚያደርግ ማያያዣ) እሱ ላይ እሰሩት፤ የዙም ኪፍሬም ካሜራው ላይ ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ አንዱን ስትነኩ ሌላው አይበላሽም።

ካሜራው ከነገሩ ጋር ይሽከረከራል

ነገሩ የሚንከባለል ኳስ ወይም ጎማ ከሆነ ይህ ይገጥማችኋል። ፓረንት ማድረግ ቦታን ብቻ ሳይሆን ሽክርክሪትንም ያወርሳል። ብሌንደር ላይ ኤምፕቲውን ፓረንት ከማድረግ ይልቅ ኮፒ ሎኬሽን የሚባለውን ኮንስትሬንት (ቦታን ብቻ የሚያስከትል ማሰሪያ) ስጡት። አፍተር ኢፌክትስ ላይ የነሉን ፖዚሽን (ቦታ) ብቻ ከነገሩ ፖዚሽን ጋር በፒክ ዊፕ (ጎትቶ ማገናኛ መሣሪያ) አገናኙት።

ካሜራው ቢንቀሳቀስም ሌየሩ ንቅንቅ አይልም

አፍተር ኢፌክትስ ላይ የሌየሩ (ምስሉ የተቀመጠበት ንብርብር) የስሪዲ ምልክት አልበራም። አብሩት፣ በቃ።

ዙሙ መጀመሪያ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ ይጎተታል

ይህን ረጋ ብለን እንየው። ስኬልን (የምስሉን መጠን) ከ100 ወደ 800 በመቶ በ7 ሰከንድ፣ በእኩል ፍጥነት አሳደጋችሁ እንበል። በመጀመሪያው ሰከንድ ምስሉ ከ100 ወደ 200 ይደርሳል፤ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻው ሰከንድ ግን ከ700 ወደ 800 ነው፤ ጭማሪው አንድ ሰባተኛ ብቻ ነው። ዓይን የሚያየው ብዜቱን እንጂ ድምሩን አይደለም። ስለዚህ ከ100 ወደ 200፣ ከ200 ወደ 400፣ ከ400 ወደ 800 ለመድረስ እኩል ጊዜ ስጡ። አፍተር ኢፌክትስ ይህን የሚሠራ ኤክስፖኔንሻል ስኬል የሚባል ረዳት አለው።

ካሜራውን ራሱን ወደ ነገሩ ስታስጠጉ ግን የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ዝግ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ይወረወራል። ግራፍ ኤዲተር (እንቅስቃሴው በመስመር የሚታይበት መስኮት) ውስጥ ገብታችሁ መጨረሻውን አለስልሱት።

ሲቀርብ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል

ዙም የሚያጎላው መጠንን ብቻ አይደለም፣ ፍጥነትንም ነው። በአንድ ፍሬም 5 ፒክስል የሚሄድ ነገር 4 እጥፍ ሲቀርብ 20 ፒክስል ይዘላል። በሰከንድ 24 ፍሬም ላይ ይህ በደንብ ይታወቃል። ካሜራው መከተል የሚጀምረው ዙሙ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ ይሁን፤ ያኔ ነገሩ ስክሪኑ ላይ ይረጋል፣ የሚሮጠው ጀርባው ይሆናል። ሞሽን ብለርም (የእንቅስቃሴ ብዥታ) አብሩ፤ የብዥታውን መጠን ለሚወስነው የሻተር ማዕዘን 180 ዲግሪ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በፊት ግን አጭር ቅንጭብ ሬንደር አድርጋችሁ (ወደ ቪዲዮ አውጥታችሁ) እዩ፤ ፍሬም እየዘለለ ያለው ፕሪቪው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ምስሉ ይደበዝዛል

ስፋቱ 1920 ፒክስል የሆነ ፎቶ ፍሬሙን ሞልቶ ሳለ 3 እጥፍ ካቀረባችሁት፣ ጥራቱ እንዲጠበቅ 5760 ፒክስል ያስፈልገዋል። ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር ስሌት የተሠራ ሥዕል) ከሆነ ግን አፍተር ኢፌክትስ ላይ የሌየሩን የፀሐይ ምልክት ብቻ ተጫኑ።

ቀርቧል፣ ግን ጠፍጣፋ ነው

የቀየራችሁት ፎካል ሌንግዝን (ሌንሱ የሚያጎላበትን መጠን የሚወስነውን ልክ) ነው። እሱ ከፊትም ከኋላም ያለውን በእኩል ያጎላል፤ ስለዚህ የጥልቀት ስሜት አይመጣም። ሌንሱን እንዳለ ትታችሁ ካሜራውን ወደፊት አስኪዱት። የቅርቡ ቶሎ ያድጋል፣ የሩቁ ዝግ ይላል፤ ተመልካቹም አብሮ የገባ ይመስለዋል። ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ (ፎከስ ውስጥ ያለው ብቻ ጥርት ብሎ ሌላው እንዲደበዝዝ የሚያደርገው) ከበራ ብሌንደር ላይ ፎከሱን ከነገሩ ጋር እሰሩት፤ አለዚያ ካሜራው ሲጠጋ ነገሩ ከፎከስ ይወጣል።