በደሴ ለልጆች የሚሠራ ማኅበር ለምታቋቁሙ

መጀመሪያ የሰፈራችሁን ቅሬ (እድር) አነጋግሩ። የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የትኛዋ ታናናሾቿን እያሳደገች እንደሆነ ከቅሬ ሽማግሌዎች በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ልጆቹን ራሳቸውን ጠይቁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሊስትሮ የሚሠሩ ልጆች አጥብቀው የጠየቁኝ ደብተር አልነበረም፤ ማታ የሚያጠኑበት መብራት ያለው ክፍል ነው። ሴቶቹ ሞዴስ አሉኝ። በወር አበባ ሰሞን ከክፍል የሚቀሩት እሱን አጥተው ነው። በጀታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት፣ አትፈሩ። ለጋሽ ቢያፍር እንኳ እናንተ አታፍሩ።

ሥራችሁ ከአማራ ክልል የማይወጣ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልሉ ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን የሚመለከተው የፌደራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ነው፤ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ትንሽ ብትሆኑም በዚህ ልክ ብትሠሩ ይበጃል።

ፎቶ ላይ ግን እለምናችኋለሁ። ልብስ ሲቀበል የተነሳ ልጅ ነገ የክፍል ጓደኞቹ ፌስቡክ ላይ ያዩታል። እጁን አንሱ፣ ደብተሩን አንሱ፣ ፊቱን ተዉት። ወላጅ ቢፈቅድም ልጁን ጠይቁት።

የጥናት ክፍሉ በር ክፍት ይሁን፤ ሁለት አዋቂዎች ሳይኖሩ አትክፈቱት። ሴቶቹን ማታ ቤት የሚያደርስ ሰው ቀድማችሁ መድቡ።