የድሮ ስንጥቅ ቀርከሃ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፦ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይታደሳል?

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ከነዕቃው ከተማችን ኖሯል። ከዚራ ካለ አሮጌ ቤት ወይም ቀፊራ ከሚሸጥ ልዩ ልዩ ዕቃ መሐል ሁለት ሦስት ቦታ የሚገጣጠም ቀጭን ዘንግ ካጋጠመዎት፣ መጋረጃ መስቀያ ከመሆኑ በፊት ደህና አድርገው ይዩት።

መጀመሪያ ብርሃን ላይ ያዙሩት። ተራ ቀርከሃ ክብ ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው። ስንጥቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ጠፍጣፋ ጎን አለው፤ በየማዕዘኑም እንደ ፀጉር የቀጠነ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። ስድስት ባለሦስት ማዕዘን ስንጥቆች 60 ዲግሪ ተላግተው በኮላ የተጣበቁበት ነው። የቀርከሃው ጠንካራ ቅርፊት ሁሉ ወደ ውጭ ስለሚሆን የዘንጉ ኃይል ያለው እዚያው ላይ ነው። ለዚህ ነው እንጨቱን ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት የምለው። አንጓዎቹንም ይመልከቱ፤ ጎበዝ ሠሪ የስድስቱን አንጓ አንድ ቦታ አያገናኝም።

ምርጡ ቀርከሃ ከደቡብ ቻይና የሚመጣው ቶንኪን የሚባለው ነበር። አሜሪካ በ1950 እ.ኤ.አ. ከቻይና ጋር ንግድ ስታቋርጥ አቅርቦቱ ደረቀ፤ ፋይበርግላስም ገበያውን ወረሰ።

ቀጥሎ ስም ይፈልጉ። ከቡሽ መያዣው በላይ ያለውን ቦታ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉና መልሰው ያድርቁ። እንግሊዛዊው ዘንግ ሠሪ ሃርዲ «ፓላኮና» ብሎ ይጽፋል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ፔዞን ኤ ሚሼል የታወቀ ነው። ጽሑፉ በቀለም ከሆነ የሚጠብቀው ቨርኒሹ ብቻ ነው፤ ቨርኒሹን የላጠ ሰው ስሙንም አብሮ ይልጠዋል።

አሁን ጆሮዎን ይስጡት። እያንዳንዱን ክፍል ቀስ ብለው አጠፍ ሲያደርጉት ቀጭ ቀጭ ካለ ኮላው ለቋል፣ ወይም የብረት ማገናኛው ላልቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ብዙው ዘንግ የሚጣበቀው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ኮላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ውኃና ሙቀት አይወድም። ስለዚህ አይዘፍዝፉት፤ በድሬዳዋ ፀሐይም አያስጡት።

የተከፈተ መጋጠሚያ ካለ አቧራውን በቀጭን ምላጭ ያውጡ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ኢፖክሲ ኮላ ያስገቡ፣ ዙሪያውን በጥጥ ክር አጥብቀው ይሰሩና አንድ ቀን ቀጥ አድርገው ይስቀሉት። የተጣበቀ የብረት ማገናኛ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቀጥ አድርጎ ይሳበው፤ መጠምዘዝ ስንጥቆቹን ያላቅቃል። የማገናኛውን ወንድ ጫፍ፣ ማለትም ሌላው ውስጥ የሚገባውን፣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ መጥረግ ይበቃል። መጠነኛ ጉብጠት ካለው ተዉት፤ ለማቃናት እሳት ማስጠጋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው የማጥመጃው ገመድ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ከዘንጉ ጋር የሚያስረው የክር ሥራ ነው። ከመፍታትዎ በፊት የእያንዳንዱን ቀለበት ርቀት ይለኩና ፎቶ ያንሱ። ቀጭን የሐር ክር ሐረር፣ መኪና ግርግር ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ይጠይቁ፤ ከጠፋ ፖሊስተር ይሆናል። የክሩን ጫፍ ራሱ ክሩ እንዲረግጠው አድርገው ከእንጨቱ ወደ ቀለበቱ እግር ይጠምጥሙ፤ ዙሮቹ ጎን ለጎን ይጣበቁ እንጂ አይደራረቡ። አምስት ስድስት ዙር ሲቀርዎት የታጠፈ ክር ከሥር ያስገቡ፣ ጠምጥመው ሲጨርሱ ጫፉን በታጠፈው ክር ዓይን አሳልፈው ወደ ውስጥ ይሳቡትና የተረፈውን ይቁረጡ። ሐር ቨርኒሽ ሲነካው ስለሚጠቁርና ብርሃን አሳላፊ ስለሚሆን፣ ቀለሙን አስቀድመው በቁራጭ እንጨት ላይ ይሞክሩ።

ቨርኒሹ ለጀልባና ለውጭ በር የሚሆነው ዓይነት ይሁን። አሮጌው ጠንካራ ከሆነ አያንሱት፤ በላዩ ስስ አድርገው በጣትዎ ይቀቡ። ነፋስ አቧራ ይዞ ሳይነሳ፣ በማለዳ፣ በር ተዘግቶ ቢሠራ ጥሩ ነው። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ በመሐሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይስጡት።

ሲያስቀምጡት በጨርቅ ከረጢት አድርገው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይስቀሉት፤ እርጥብ እንደሆነ አይክተቱት፣ መኪና ውስጥም አያሳድሩት። ይዘውት ሲወጡ ለቆሮሶ በደንብ ይበቃል፤ ለትልቅ አምባዛ ግን ሌላ ዘንግ ይያዙ።