የቆየ የሮክ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዳምጡ

አንድን የቆየ የሮክ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው አስቀድሞ ዘፈኖችን በዘፈቀደ የሚያጫውተውን ምርጫ ያጥፋ፤ በ1970ዎቹ የተሠሩ በርካታ አልበሞች በሸክላው ሁለት ገጾች፣ በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ገደማ እንዲይዙ ተደርገው የተሰናዱ በመሆናቸው ቅደም ተከተሉ ራሱ የሥራው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም ለአብነት ብንወስድ፣ አብዛኞቹ ዘፈኖች አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው ስለሚፈስሱ በመሐል መቁረጥ ጣዕማቸውን ያጠፋል። አልበሙ የሚጀምረው በጣም ዝግ ባለ የልብ ትርታ ነውና ይህን ለመስማት ሲባል ድምፁን ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግ አይገባም፤ ጥቂት ቆይቶ «ታይም» የተባለው ዘፈን ሲገባ የብዙ ሰዓቶች ደወል በአንድ ጊዜ ያንባርቃል። በጆሮ ማዳመጫ መስማት እጅግ ይመረጣል፤ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲሻገር በደንብ የሚለየው ያን ጊዜ ነው። ማረፍ የፈለገ ሰው «መኒ» የተባለው ዘፈን በሳንቲም ቅጭልታ ከመጀመሩ በፊት ይረፍ፤ ሁለተኛው ገጽ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ግጥሙን እያነበቡ መከታተል ግን፣ በእኔ እምነት፣ ለሁለተኛው ዙር ቢቆይ ይሻላል፤ ዓይን ጽሑፍ ላይ ሲተከል ጆሮ የጊታሩንና የከበሮውን ዝርዝር ሳያስተውል ያልፈዋል።