ጎን ለጎን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሒሳባዊ ትርጉም፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ለየብቻ ሲታዩ አቻ የሆኑ ሁለት ፕሮግራሞች ከሌላ ፕሮግራም ጎን ሲሠሩ ይለያያሉ። «ሀ := 2» (ሀ ላይ 2ን አስቀምጥ ማለት ነው) እና «ሀ := 1፤ ሀ := ሀ + 1» ብቻቸውን ሲሠሩ ሁለቱም 2 ላይ ያበቃሉ። ከጎናቸው «ሀ := 5» ሲቆም ግን የመጀመሪያው 2 ወይም 5 ሲተው፣ ሁለተኛው 6 ላይም ሊያበቃ ይችላል።

ምክንያት፦ ሞዴሉ፣ ማለትም ለፕሮግራሞች ሒሳባዊ ትርጉም የምንሰጥበት ዘዴ፣ ትርጉምን ከመነሻ ሁኔታ ወደ መድረሻ ሁኔታ የሚወስድ ፈንክሽን ብቻ አድርጎ ስለያዘ፣ 5 የሚገባበትን የመሀል እርምጃ ጥሎታል።

መፍትሄ፦ እያንዳንዱን እርምጃ «አዲስ ሁኔታና ቀሪ ሥራ» ብሎ መያዝ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ከአንድ በላይ ሊሆን ስለሚችልም ጎርደን ፕሎትኪን በ1976 ያቀረበው ፓወርዶሜይን (ሊገኙ የሚችሉ ውጤቶችን በአንድነት የሚይዝ ሒሳባዊ መዋቅር) ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ሞዴሉ ደህና ነው ያለው ፕሮግራም ቆሞ ይቀራል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። ለደብረ ብርሃን መናኸሪያ ትኬት የሚቆርጡ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ እንበል። አንደኛው ሒሳብ ከተቀበለ በኋላ ለአዲስ አበባም ለደብረ ሲናም ክፍት ሆኖ ምርጫውን ለተሳፋሪው ይተዋል፤ ሌላኛው ግን ሒሳብ በሚቀበልባት ቅጽበት ከሁለቱ አንዱን በራሱ ወስኖ ሌላውን ይዘጋል። ደብረ ሲና ብቻ የሚሄድ ተሳፋሪ ሁለተኛው ዘንድ ከፍሎ፣ ፕሮግራሙ አዲስ አበባን ከመረጠ፣ ሁለቱም እየተጠባበቁ ይቀራሉ።

ምክንያት፦ የድርጊት ቅደም ተከተሎችን ብቻ የሚመዘግበው የትሬስ ሞዴል «ሒሳብ፣ አዲስ አበባ» እና «ሒሳብ፣ ደብረ ሲና» የሚሉትን ከሁለቱም ዘንድ ስለሚያገኝ አንድ ናቸው ይላል፤ ምርጫው መቼና በማን እንደተደረገ አይመለከትም።

መፍትሄ፦ ብሩክስ፣ ሆርና ሮስኮ በ1984 ያሳተሙት የፌለርስ ሞዴል ከእያንዳንዱ ቅደም ተከተል ጋር ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ እምቢ ሊል የሚችለውን ይመዘግባል። የሁለተኛው ፕሮግራም መዝገብ «ከሒሳብ በኋላ፣ ደብረ ሲናን እምቢ» የሚል መስመር ሲኖረው የአንደኛው የለውም። ዴቪድ ፓርክ በ1981 ያስተዋወቀውና ሮቢን ሚልነር ያስፋፋው ባይሲሙሌሽንም (ሁለት ፕሮግራሞች በየእርምጃው አንዱ የሌላውን ድርጊት መከተል መቻሉን የሚፈትሽ የአቻነት መለኪያ) ይለያቸዋል፤ ሆኖም ጭንቀታችሁ መቆላለፍ (እንደ ላይኛው ሁሉም እየተጠባበቁ መቅረት) ብቻ ከሆነ ፌለርስ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ባይሲሙሌሽን ከሚያስፈልገው በላይ ይለያልና።

ምልክት፦ «ሀ እና ለ በአንድነት» ከ«ወይ ሀ ከዚያ ለ፣ ወይ ለ ከዚያ ሀ» ጋር አቻ ሆኖ ይወጣል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ እስካሁን ያየናቸው ሞዴሎች በአንድነት መሥራትን በየተራ መፈራረቅ አድርገው ይቆጥራሉ። የትኛው ድርጊት ለየትኛው ምክንያት እንደሆነ ማወቅ የግድ ሲሆን፣ ካርል አዳም ፔትሪ በ1962 የመሠረተውን የፔትሪ መረብ (ድርጊቶችንና ሁኔታዎችን በቀስቶች የሚያያይዝ ሞዴል) መጠቀም ይገባል።