ለኤሌክትሪክ መኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ስታወዳድሩ

ጅማ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታችሁ ኢንሹራንስ ልትገቡ ያሰባችሁ፣ ዓረቦን (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉትን ዋጋ) ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። የሦስተኛ ወገኑ ኢንሹራንስ (መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው) በአዋጅ ግዴታ ስለሆነ ምርጫ የለውም፤ የራሳችሁን መኪና ግን አይጠግንም። ማወዳደር ያለባችሁ ሙሉ ሽፋኑን ነው።

መጀመሪያ ለሁሉም የኢንሹራንስ ድርጅት አንድ ዓይነት የመኪና ዋጋ ግምት ስጡ። ዓረቦኑ ከግምቱ በመቶኛ ስለሚሰላ፣ ዋጋው እንዲረክስ ግምቱን ዝቅ የሚያስደርግ ደላላ አይጠፋም። 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ2 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ የ300 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ ውሉ በድርሻ (የተመዘገበው ግምት ከትክክለኛው ዋጋ ባለው ድርሻ ልክ) የሚያሰላ ከሆነ የሚደርሳችሁ 200 ሺህ ነው፤ ያውም በውሉ መሠረት ከራሳችሁ የምትከፍሉት ሳይቀነስ።

ባትሪውን ለይታችሁ ጠይቁ። ከመኪናው ውድ ዕቃ እሱ ነው፣ የተቀመጠውም ከወለሉ ሥር። ድንጋይ ከሥር ቢመታው ይሸፈናል? ጎርፍ ቢገባበትስ? (የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ።) በዕድሜ ሲደክም ግን የኢንሹራንስ ጉዳይ አይደለም፣ የአምራቹን ዋስትና ተመልከቱ።

ሌላው ማስነሻ ነው፤ የተበላሸ መኪናን ካለበት አንስቶ ጋራዥ የማድረስ ወጪ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በአብዛኛው ጎማው እየተንከባለለ አይጎተትም፣ ሌላ መኪና ላይ መጫን አለበት። ባትሪ የሚነካ ጋራዥ አዲስ አበባ ብቻ ከተገኘ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማስነሻ እስከ ስንት ብር እንደሚከፍሉ በጽሑፍ ይስጧችሁ።