ስልኬ አልከፍል አለኝ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ከኋላችሁ አምስት ሰው ተሰልፏል። ካሸሯ ታያችኋለች። ስልካችሁን ማሽኑ ላይ ታስጠጋላችሁ፤ ዝም። ገልበጥ አድርጋችሁ ትሞክራላችሁ፤ አሁንም ዝም። ላብ ላብ ይላችኋል።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሙያዬ ሌላ ነው፤ ግን ዘመድ አዝማዱ ስልኩ እምቢ ሲለው የሚደውለው ለእኔ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ቡና ግን አይጠፋም። በዚህ ሥራ እንዳየሁት፣ ስልክ አልከፍል ሲል ጥፋተኛው ከሦስት አንዱ ነው፦ ስልኩ፣ ባንኩ ወይም የሱቁ ማሽን። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚከሰው የተሳሳተውን ነው። ባንኩ ያልፈቀደውን ካርድ ይዞ ስልኩን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ያበራል። ማሽኑ ታፕ (ስልክ ወይም ካርድ አስጠግቶ መክፈል) የማይቀበል ሆኖ ሳለ ባንክ ደውሎ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ይሰማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህችን ሞክሩ። የፕላስቲክ ካርዱን ራሱን እዚያው ማሽን ላይ ታፕ አድርጉት። ከሠራ፣ ማሽኑም አካውንታችሁም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ስልኩ ወይም ባንኩ ለስልኩ የሰጠው ፈቃድ ላይ ነው። በታፕ እምቢ ብሎ ቺፑን ስታስገቡት ከሠራ፣ ማሽኑ ወይም ካርዱ ታፕ የለውም። ቺፑም ከተከለከለ ስልኩን ተዉት፤ ጉዳያችሁ ከባንኩ ጋር ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ የቀረው ሁሉ የሚፈታው በእሱ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ካርድ የፕላስቲኩ ፎቶ አይደለም። ሌላ ካርድ ነው። ካርዱን በስልክ መክፈያዎቹ፣ አይፎን ላይ አፕል ፔይ ወይም አንድሮይድ ላይ ጉግል ዋሌት ውስጥ ስታስገቡ፣ ለዚያ ስልክ ብቻ የሚሆን ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። ሱቁ የሚያየው ያንን ቁጥር እንጂ ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን አይደለም። ይህ እንዲሆን ደግሞ ባንኩ እሺ ማለት አለበት።

ካርዱ ዋሌት ውስጥ አልገባም ሲል

የካርዱን ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ስልኩ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ «ባንክዎ ይህን ካርድ ገና አይደግፍም» የሚል መልእክት ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስልኩን ይሰድባል። ስልኩ ግን የባንኩን መልስ ነው ያደረሰው።

ምክንያቱ ስምምነት ነው። ባንኩ ከአፕል ወይም ከጉግል ጋር ካልተስማማ ካርዱ አይገባም፤ ላዩ ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ስለተጻፈ ብቻ በሩ አይከፈትም። አፕል ፔይ አሜሪካ ውስጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግን አንዳንድ ትልልቅ ባንኮች ተባብረው ከአፕል ጋር በጋራ እንደራደር ብለው የውድድር ባለሥልጣኑን ጠየቁ፤ በ2017 ተከለከሉ። ከእነሱ አንዱ ኮመንዌልዝ ባንክ አፕል ፔይን ያስገባው በ2019 መጀመሪያ ነው። ጀርመን ውስጥም ሽፓርካሰ የሚባሉት የቁጠባ ባንኮች ደንበኞች እስከ 2019 መጨረሻ ጠብቀዋል። አንዱ የጠቡ ምንጭ ገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ አፕል ከባንኮቹ ይወስዳል ተብሎ በሰፊው የተዘገበው፣ በክሬዲት ካርድ ከሚከፈል ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር 15 ሳንቲም ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በሚሊዮን ሲባዛ ግን ባንክ የሚጣላበት ነገር ነው።

ሌላው የሚረሳው፣ አንድ ባንክ ይደግፋል ማለት ካርዶቹ ሁሉ ይገባሉ ማለት አይደለም። ክሬዲቱ ገብቶ የስጦታ ካርዱ ወይም ቅድመ ክፍያው ሊቀር ይችላል። የባሕረ ሰላጤው አገር ሠራተኞች ደመወዝ የሚገባላቸው ካርድም አንዳንዴ እንዲሁ ነው፤ የባንኩ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ፣ የእነሱ ካርድ ግን የለም።

አገሩም ወሳኝ ነው። የሚታየው እናንተ የቆማችሁበት አገር ሳይሆን ካርዱን ያወጣው ባንክ ያለበት አገር ነው። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጡ አባት ካርዳቸው ለምን እንደማይገባ ሲጠይቁ መልሱ እዚህ አለ። አገር ቤት ቴሌብር እንደ ልብ ይሠራላቸው ነበር፤ እዚህ ሲመጡ ግን ስልካቸው እንግዳ ሆነባቸው። ቴሌብር የራሱ ቤት ነው፤ በ*127# ወይም በአፑ ይከፈላል። እዚህ ሱቅ ያለው ማሽን የሚያውቀው የካርድ ኔትወርክን ነው።

መፍትሄው፦ አፕልም ጉግልም የሚደግፏቸውን ባንኮች በየአገሩ በድረ ገጻቸው ይዘረዝራሉ፤ መጀመሪያ እዚያ እዩ። ባንክ ስትደውሉ «ስልኬ አይሠራም» አትበሉ፤ ስልክህን አጥፍተህ አብራ ይሏችኋል። «ይህ የያዝኩት ደቢት ካርድ ጉግል ዋሌት ውስጥ ይገባል ወይ?» በሉ። አዎ ወይም አይ የሚባልበት ጥያቄ ነው። አይ ከተባለ ባንኩ የራሱ መክፈያ አፕ እንዳለው ጠይቁ። ሽፓርካሰ ለአንድሮይድ ስልኮች ከ2018 ጀምሮ ያደረገው ይህንን ነው። እሱም ከሌለ ሌላ ካርድ ነው መፍትሄው። ሴቲንግ መነካካት ይህንን አይፈታውም።

ካርዱ ተቀባይነት አገኘ፣ ኮዱ ግን አልመጣም

በእኔ ቤት በብዛት የሚመጣው ይህ ነው። ባንኩ ካርዱን ለስልኩ ከመስጠቱ በፊት የእናንተ መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል። በመልእክት፣ በኢሜይል ወይም በባንኩ አፕ ኮድ ይልካል። አክስቴ አንድ እሁድ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ኮድ ላክሁ ይለኛል፣ የላከው ነገር የለም!» ባንኩ ጋ ያለው ቁጥርዎ የትኛው ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። ከአራት ዓመት በፊት የተዉት ቁጥር ነበር። ኮዱማ ተልኳል፤ የደረሰው ግን ዛሬ ያንን ቁጥር ለያዘ የማላውቀው ሰው ነው።

ስለዚህ ኮድ ካልመጣ ደግማችሁ ደጋግማችሁ «ላክ» አትበሉ፤ ባንኩ ተጠራጥሮ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉና ባንኩ ጋ ያለውን ስልክ ቁጥራችሁን ወይም ኢሜይላችሁን አስቀይሩ። የአክስቴ ባንክ ቁጥሩን ከቀየረ በኋላ ጥቂት ቀን ጠብቁ አለ። ተናደዱ። እኔ ግን በዚህ ባንኩን ደገፍኩ፤ ሌባም መጀመሪያ የሚያስቀይረው ስልክ ቁጥሩን ነው።

ይህ ኮድ ቀላል ነገር አይደለም። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ አሁን የላክንልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰውየው የካርዳችሁን ቁጥር ከሆነ ቦታ አግኝቶ በራሱ ስልክ ውስጥ እያስገባው ሊሆን ይችላል። የቀረው ያች ኮድ ብቻ ናት። ከነገራችሁት ካርዳችሁ በእሱ ስልክ ታፕ ማድረግ ይጀምራል፤ ፕላስቲኩ ኪሳችሁ ውስጥ እንዳለ። ዝጉበትና ራሳችሁ ወደ ባንኩ ደውሉ።

ካርዱ ገብቷል፣ ማሽኑ ግን አያየውም

እዚህ ላይ ባንኩ ነፃ ነው። ስልኩንና እጃችሁን እንመርምር።

አንድሮይድ ከሆነ ኤንኤፍሲ የሚባለው በርቶ እንደሆነ እዩ። በአጭር ርቀት የሚሠራ ሬዲዮ ነው፤ አራት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሴቲንግ ውስጥ ስሙን ስትፈልጉ ጭራሽ ከሌለ፣ ስልኩ ራሱ የለውም ማለት ነው። ርካሽ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው። የሚገርመው፣ አንድ ዓይነት ስም ያለው የሳምሰንግ ሞዴል እንኳን አንዱ ገበያ ላይ ኤንኤፍሲ ኖሮት ሌላው ላይ ሳይኖረው ሊሸጥ ይችላል። ለእናታችሁ ከሌላ አገር ስልክ ስታስመጡ ስሙን ብቻ አትዩ።

ጉግል ዋሌት በታፕ ለመክፈል አንድሮይድ 9 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የጉግል አገልግሎት የሌላቸው አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች ላይ አይሠራም። ሩት የተደረገ፣ ማለትም የፋብሪካው የደኅንነት ገደብ የተነሳለት ስልክም ይከለከላል። «ልጁ ስልኬን አፍጥኖልኛል» ያለ ወዳጄ ስልክ እንዲህ ሆኖ ነው የተገኘው።

ሳምሰንግ ላይ ሁለት ዋሌት አብረው ሲኖሩ ዋናው የትኛው እንደሆነ ስልኩ ማወቅ አለበት። ካርዱን ጉግል ዋሌት ውስጥ አስገብታችሁ ዋናው መክፈያ ሳምሰንግ ዋሌት ከሆነ፣ ማሽኑ ጋ የሚወጣው ባዶው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ታፕ የሚከፈልበትን አፕ ቀይሩት።

አይፎን ላይ አንቴናው ከላይ፣ ጫፉ ላይ ነው። ሆዱን ሳይሆን ጭንቅላቱን አስጠጉ፤ የጎን ቁልፉን ሁለቴ ጫን አድርጋችሁ ፊታችሁን ካሳያችሁ በኋላ። አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ ጀርባው መሐል ወይም ካሜራው አካባቢ ነው። አስጠግታችሁ አንድ ሁለት ሰከንድ ያዙት እንጂ እንደ ማኅተም መታ አድርጋችሁ አታንሱት። ብረት ያለው ከቨር ወይም ጀርባው ላይ መታወቂያና ካርድ የሚያዝበት ከቨር ካላችሁ አውጥታችሁ ሞክሩ።

ትናንት ሲሠራ የነበረ ዛሬ ካርዶቹ ሁሉ ጠፍተው ከተገኙ፣ የስክሪን ቁልፉን አንስታችሁ እንደሆነ አስታውሱ። አይፎን ላይ ፓስኮዱን ስታጠፉ ካርዶቹ አብረው ይሰረዛሉ። ልጅ ካርቱን እንዲያይ ብላችሁ ቁልፉን ካነሳችሁት፣ ካርዶቹን እንደገና ማስገባት አለ።

ማሽኑ አነበበው፣ ግን ከለከለ

ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ ዲክላይን አለ። ስልኩ ሥራውን ሠርቷል፤ እምቢ ያለው ባንኩ ነው። ባላንስ፣ የቀን ገደብ፣ ያለፈበት ካርድ፣ ወይም ባንኩ «ይህ ሰው ዛሬ ምን ነካው?» ብሎ ያገደው ክፍያ። የባንኩን አፕ ስትከፍቱ «እርስዎ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ቁጭ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ለታክሲና ለኡበር ሾፌሮች አንድ ለየት ያለ አለ። አሜሪካ ውስጥ የነዳጅ ማደያ ፓምፕ ላይ ታፕ ስታደርጉ፣ ምን ያህል እንደምትቀዱ ስለማይታወቅ ከአካውንታችሁ እስከ 175 ዶላር ድረስ ለጊዜው ሊያዝ ይችላል። አካውንቱ ላይ 90 ዶላር ያለው ሾፌር 30 ዶላር ሊቀዳ ሄዶ ይከለከላል። ወይም ይቀዳና የቀረው ገንዘብ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ታስሮ ይቆያል። ገብታችሁ ካሸሩ ጋ «30 ዶላር» ብላችሁ ክፈሉ፤ የሚያዘው ያችው ናት።

ባንኩ አዲስ ፕላስቲክ ሲልክላችሁ ስልክ ውስጥ ያለው አንዳንዴ ራሱ ይታደሳል፣ አንዳንዴ አይታደስም። ካልታደሰ አሮጌውን ሰርዛችሁ አዲሱን አስገቡ።

ሱቁ ራሱ የማይቀበል ከሆነ

ማሽኑ ላይ አራት የተጠማዘዙ መስመሮች ያሉበትን ምልክት ፈልጉ። ዋልማርት አሜሪካ ውስጥ የራሱን ኪውአር ይጠቀማል እንጂ አፕል ፔይንም ጉግል ዋሌትንም አይቀበልም። እዚያ ቆሞ ከስልክ ጋር መታገል ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሂሳቡ ሁለቴ ሲቆረጥ፣ ዕቃ ሲመለስ፣ ስልክ ሲጠፋ

የለንደን ባቡር ውስጥ ስትገቡ በስልክ ታፕ አድርጋችሁ ስትወጡ በፕላስቲኩ ካደረጋችሁ፣ ካርዱ አንድ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ከፍተኛውን ዋጋ ትከፍላላችሁ። ለማሽኑ ሁለት ሰዎች ናችሁ፤ አንዱ ገብቶ አልወጣም፣ ሌላው ሳይገባ ወጣ። የዋሽንግተን ሜትሮም ስትገቡም ስትወጡም ስለሚያስነካ ጠንቀቅ በሉ። የምትከፍሉበት የእጅ ሰዓትም የራሱ የካርድ ቁጥር አለው። በገባችሁበት ውጡ።

ዕቃ ስትመልሱ ካሸሩ «የካርድዎ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች?» ሲል የፕላስቲኩን ብትነግሩት ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ዋሌቱ ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ ለስልኩ የተሰጠውን የካርድ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሳዩት፤ ወይም በከፈላችሁበት ስልክ እንደገና ታፕ አድርጉ። ያንን ስልክ ከሸጣችሁት ደረሰኙን ያዙና ሱፐርቫይዘር አስጠሩ፤ ትንሽ ይጎትታል።

ስልክ ሲጠፋ ደግሞ አይፎኑን ከሌላ መሣሪያ «ጠፍቷል» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ አፕል ፔይ ይቆማል። አንድሮይድም ከርቀት ይቆለፋል። ባንክ ደውላችሁ «ስልኬ ውስጥ ያለውን ብቻ አጥፉልኝ» ማለትም ይቻላል። ፕላስቲኩን ግን አትቁረጡት። ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ነገ እንጀራ የምትገዙት በእሱ ነው።